ያልታመመችው አይጥ፦ የቲኤልአር 4 ጂን ሥራና ያስተማረን ነገር

አንድ ሰው ታይፎይድ ወይም የኩላሊት ኢንፌክሽን ሲይዘው ትኩሳቱ የሚነሳው፣ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ምግብ የሚያስጠላውና ጉልበቱ የሚከዳው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን መልሱ ቀላል ይመስለናል። «ተህዋስያኑ ስለመረዙት ነዋ!» እንላለን። ይህ መልስ ግማሹ ብቻ ትክክል መሆኑን ለሳይንስ ያስተማረች አንዲት የቤተ ሙከራ አይጥ ናት። ሌሎች አይጦች በሚሞቱበት መርዝ እሷ ምንም አልሆነችም። ምክንያቱን ለማወቅ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በመጨረሻ የተገኘውም ቲኤልአር 4 የሚባለው ጂን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጂኑ በአይጥ ገላ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደተገኘና ለእኛ ለሰዎች ምን ትርጉም እንዳለው በተቻለኝ መጠን በአማርኛ አቀርባለሁ። አማርኛ ያልተበጀላቸውን የሳይንስ ቃላት እንዳሉ ወስጃቸዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውስጥ መርዝ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1892 መመለስ ያስፈልጋል። ሪቻርድ ፋይፈር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ በሮበርት ኮኽ ተቋም የኮሌራን ባክቴሪያ ያጠና ነበር። ባክቴሪያዎቹን በሙቀት ከገደላቸው በኋላ ጊኒ ፒግ ለሚባሉት የሙከራ እንስሳት ሲወጋቸው እንስሳቱ ሞቱ። የሞተ ባክቴሪያ መራባትም ሆነ መርዝ ማመንጨት አይችልም። ስለዚህ ፋይፈር መርዙ ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚተፋው ሳይሆን የራሱ የገላው አካል ነው ብሎ ደመደመ። ስሙንም ኢንዶቶክሲን አለው፤ የውስጥ መርዝ ማለት ነው።

በኋላ ይህ መርዝ ሊፖፖሊሳካራይድ የተባለ የስብና የስኳር ውሁድ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኤልፒኤስ እለዋለሁ። ኤልፒኤስ ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የውጭ ልባስ ነው። የታይፎይድ፣ የኮሌራ፣ የወረርሽኝ ማጅራት ገትርና የቸነፈር ባክቴሪያዎች ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። የመርዝነቱ ባሕርይ ያለው ሊፒድ ኤ በተባለው የስብ ክፍሉ ላይ ነው።

አስገራሚው ነገር መጠኑ ነው። ለጥናት ፈቃደኛ በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ደም ሥር በኪሎ ግራም ክብደት ከ2 እስከ 4 ናኖ ግራም ኤልፒኤስ ቢገባ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ለማምጣት ይበቃል። ናኖ ግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ኢምንት ነገር እንዴት አንድን ሙሉ ሰው ያንቀጠቅጣል? ኤልፒኤስ እንደ አሲድ ሕዋሳትን አያቃጥልም፤ እንደ እባብ መርዝም ሥጋ አይበላም። ታዲያ የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ከፋይፈር በኋላ ጥያቄው ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ።

ያልታመመችው አይጥ

በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሀርበር ከተማ የሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ለምርምር የሚሆኑ አይጦችን በማራባት የታወቀ ተቋም ነው። አይጦቹ ለብዙ ትውልድ ወንድምና እህት እየተዳቀሉ ስለሚራቡ፣ የአንድ ዘር አባላት እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲ3ኤች/ሄጄ የሚባል ዘር ነው።

በ1965 የወጣ ጥናት የዚህ ዘር አይጦች ኤልፒኤስን ያለ ልክ እንደሚቋቋሙ አሳየ። ሌሎች አይጦችን የሚገድለው መጠን ለእነርሱ እንደ ውሃ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንድ ሐረግ የወረዱ፣ ሲ3ኤች/ሄኤን የሚባሉ የቅርብ ዘመዶቻቸው አሉ፤ እነዚህ ግን እንደማንኛውም አይጥ ይታመማሉ፣ ይሞታሉ።

ይህ ለተመራማሪዎች ትልቅ ፍንጭ ነበር። ሁለት በሁሉ ነገር የሚመሳሰሉ ዘመዳሞች በአንድ ነገር ብቻ ከተለያዩ፣ ልዩነቱ ያለው በአንድ ጂን ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በማዳቀል የተደረጉት ሙከራዎችም ይህንኑ አረጋገጡ። በ1978 ጂኑ የሚገኘው በአይጥ አራተኛ ክሮሞሶም ላይ መሆኑ ተለየ። ልብ ይበሉ፤ ለውጡን ሆን ብሎ የሠራው ሰው የለም። አይጦቹ ሲራቡ በራሱ ጊዜ የተከሰተ፣ ማንም ሳያየው በዘሩ ውስጥ የሰረጸ ስህተት ነው።

ገዳዩ ማን ነው?

በ1980 የታተመ ሌላ ሙከራ ጉዳዩን ከሥሩ ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ መርዙን የምትቋቋመውን የሄጄን አይጥ በጨረር መቅኔዋን አጠፉና፣ በምትኩ መርዙ ከሚጎዳት ከሄኤን አይጥ የተወሰደ መቅኔ ሰጧት። የደም ነጭ ሕዋሳት የሚመረቱት በመቅኔ ውስጥ መሆኑ ይታወቃል። አዲሱን መቅኔ ያገኘችው አይጥ ኤልፒኤስ ስትወጋ እንደ ሄኤን አይጥ ታመመች። ልቧ፣ ጉበቷ፣ ሳንባዋ የድሮው ነው፤ የተለወጡት የመከላከያ ሕዋሶቿ ብቻ ናቸው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ኤልፒኤስ ራሱ አይገድልም፤ የሚገድለው የእንስሳዋ የራሷ የመከላከያ ሠራዊት ለኤልፒኤስ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

በ1985 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ቦይትለርና አንቶኒ ሴራሚ የዚህን ምላሽ አንድ ዋና መሣሪያ አሳዩ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ተህዋስያን ዋጭ ሕዋሳት ኤልፒኤስ ሲነካቸው ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህን ፕሮቲን የሚያመክን ፀረ አካል ቀድመው የተሰጣቸው አይጦች፣ ከኤልፒኤስ ሞት በእጅጉ ተጠበቁ።

እኔ ይህን ሳስብ የሚመጣልኝ የአገር ቤት ኡኡታ ነው። ሌሊት አንዱ ቤት ሌባ ገባና ኡኡ ተባለ እንበል። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሌባው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የወጣው ሰው ግን መቶ ነው። በጨለማ ሲራወጥ አጥር ይፈርሳል፣ የጓሮ አትክልት ይረገጣል፣ የገዛ ወንድሙን በዱላ የሚመታም አይጠፋም። ጠዋት ሲታይ ከሌባው ይልቅ ኡኡታው ያደረሰው ጉዳት ይበልጣል። የሄጄ አይጥ እንግዲህ ኡኡ ባይ የሌለባት መንደር ናት።

ኡኡ ባይ የሌለበት መንደር

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ እንዲህ ያለውን ጂን ማጥፋት ነው እንጂ!» ሊል ይችላል። መልሱን የሰጠችው ያችው አይጥ ናት።

በዚያው በ1980 የታተመ ጥናት የሄጄን አይጦች በሕይወት ላለ ሳልሞኔላ አጋለጠ። ይህ ባክቴሪያ በአይጥ ላይ እንደ ሰው ታይፎይድ ያለ በሽታ ያመጣል። በመርዙ የማይሞቱት አይጦች በጥቂት ሕያው ባክቴሪያዎች አለቁ። ዘመዶቻቸው የሄኤን አይጦች ግን ከዚያ የበለጠ መጠን ተቋቋሙ። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። ኡኡ የሚል ስላልነበረ ጎረቤት አልወጣም፤ ሌባውም ተረጋግቶ ቤቱን ባዶ አደረገው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። በመርዙ የሚገድለንና ከባክቴሪያው የሚያድነን አንድና ያው ጂን ነው። ጥሩውን ወስዶ መጥፎውን መተው የሚቻል አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ሥራ ሁለት ፊት ናቸው።

ከዝንብ የመጣ ፍንጭ

ጂኑ በየትኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ ቢታወቅም ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። ፍንጩ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ጀርመናዊቷ ክሪስቲያኔ ኑስላይን ፎልሃርድና ባልደረቦቿ የዝንብ ፅንስ ጀርባና ሆዱን እንዴት እንደሚለይ ሲያጠኑ ቶል የሚባል ጂን አገኙ። ቃሉ በጀርመንኛ «ግሩም» እንደማለት ነው። በ1996 ደግሞ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ዡል ሆፍማን፣ ብሩኖ ለሜትርና ባልደረቦቻቸው ይኸው ጂን ያደገችውን ዝንብ ከፈንገስ እንደሚጠብቃት አሳዩ። ቶል የጎደላት ዝንብ ፈንገስ ወርሷት ትሞታለች።

በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ጄንዌይ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1989 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የክትባት ባለሙያዎች ንጹሕ ፕሮቲን ብቻውን ሲወጋ ገላው ችላ እንደሚለው፣ የሞተ ባክቴሪያ ወይም ሌላ ማነቃቂያ ሲቀላቀልበት ግን እንደሚነቃ ያውቁ ነበር። ጄንዌይ ይህን ይዞ፣ የተህዋስያንን የጋራ መልክ በውርስ የሚያውቁ ተቀባይ ፕሮቲኖች በገላችን ውስጥ መኖር አለባቸው አለ። ፀረ አካል የሚያመነጨው የመከላከያ ክፍል በሕይወት ዘመን ይማራል፤ እነዚህ ግን ሳይማሩ፣ ስንወለድ ጀምሮ የሚያውቁ ናቸው። በ1997 ጄንዌይና ሩስላን ሜድዚቶቭ የዝንቡን ቶል የሚመስል ጂን በሰው ውስጥ አገኙ። ይህ ጂን በኋላ ቲኤልአር 4 ተባለ፤ «ቶል መሰል ተቀባይ 4» ማለት ነው። ነገር ግን የሚቀበለው ምንን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

አንዲት ፊደል

ቦይትለር በ1986 ወደ ቴክሳስ፣ ዳላስ ተዛውሮ ነበር። ከ1993 ጀምሮ ከአሌክሳንደር ፖልቶራክና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የሄጄን አይጥ ጂን ማደን ጀመረ። በዚያን ጊዜ የአይጥ ሙሉ የዘር መጽሐፍ ገና አልተነበበም። ስለዚህ ከ2,000 በላይ በማዳቀል የተገኙ አይጦችን እየመረመሩ፣ ጂኑ ያለበትን ቦታ ከሁለቱም ጫፍ ማጥበብ፣ ከዚያም በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን ፊደል በፊደል ማንበብ ነበረባቸው። አምስት ዓመት ፈጀባቸው።

በ1998 መጨረሻ ውጤታቸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ጂኑ ቲኤልአር 4 ነበር። የአይጥ ቲኤልአር 4 ፕሮቲን 835 አሚኖ አሲዶች አሉት። በሄጄ አይጥ ከእነዚህ 712ኛው ላይ ፕሮሊን መሆን የነበረበት ሂስቲዲን ሆኗል። ለዚህ ምክንያቱ በጂኑ ውስጥ የአንዲት የዘር ፊደል መለወጥ ነው። ለውጡ ያለው ወደ ሕዋሱ ውስጥ በሚገባው የፕሮቲኑ ክፍል ላይ ነው፤ ስለዚህ ተቀባዩ ከውጭ ቆሞ ቢታይም የሰማውን ወደ ውስጥ ማስተላለፍ አይችልም።

ማረጋገጫው ከሁለተኛ ዘር መጣ። ኤልፒኤስን የሚቋቋም ሌላ፣ ዝምድናው የራቀ የአይጥ ዘር ነበር። በእርሱ ደግሞ ቲኤልአር 4 ጭራሹኑ ተቆርጦ ወድቋል። ሁለት የማይገናኙ ዘሮች በአንድ ጂን ላይ በተለያየ መንገድ ተሰብረው አንድ ዓይነት ባሕርይ ካሳዩ፣ ነገሩ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም። በ1999 በጃፓን ኦሳካ ሺዙኦ አኪራና ባልደረቦቹ ጂኑ ሆን ተብሎ የተሰናከለባቸውን አይጦች ሠሩ፤ እነዚህም ለኤልፒኤስ ደንታ አልነበራቸውም።

ቦይትለርና ሆፍማን የ2011ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ግማሽ ተካፈሉ። ሌላው ግማሽ ለራልፍ ስታይንማን ተሰጠ፤ እርሱ ግን ሽልማቱ ከመታወጁ ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር። ጄንዌይም በ2003 ስላረፈ ይህን ቀን አላየም።

ተቀባዩ እንዴት ይሠራል?

አሁን አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ወይም ቁስል ላይ ሲገባ ከልባሱ ኤልፒኤስ ይላቀቃል። በደም ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ያነሳውና ሲዲ14 ለሚባለው ሌላ ፕሮቲን ያቀብለዋል። ሲዲ14 ደግሞ ከቲኤልአር 4 ጋር ተጣብቆ ለሚኖረው ኤምዲ2 ያስረክባል። ኤምዲ2 እንደ ጥልቅ ኪስ ያለ ጎድጓዳ አለው፤ የኤልፒኤሱ የስብ ጭራዎች እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

በ2009 የታተመ የቅርጽ ጥናት ዝርዝሩን አሳይቷል። የተለመደው ሊፒድ ኤ ስድስት የስብ ጭራዎች አሉት። አምስቱ ኪሱ ውስጥ ሲገቡ ስድስተኛው ወደ ውጭ ይቀርና ሁለተኛውን የቲኤልአር 4 ፕሮቲን ይይዛል። እንዲህ ሁለቱ ተቀባዮች ሲጣመሩ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት ጫፎቻቸው ይገናኛሉ። መልእክቱ ማይዲ88 በሚባል ፕሮቲን በኩል ወደ ሕዋሱ እንብርት ይደርሳል፤ ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ የኡኡታ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ትሪፍ በተባለ ፕሮቲን የሚያልፍ ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ይህኛው ኢንተርፌሮን እንዲመረት ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም በገላችን እናውቀዋለን። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ አንጎል የገላውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ነገሩ በአንድ ጣት ላይ ከተወሰነ ቁስሉ ይድናል። በመላው ደም ውስጥ ከሆነ ግን የደም ሥሮች ሁሉ በአንዴ ይላላሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ሳንባ ይደክማሉ። ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ይህን ነው።

ቸነፈር የተማረው ብልሃት

የጂኑን ጥቅም በግልጽ የሚያሳየኝ የቸነፈር ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በቁንጫ ገላ ውስጥ፣ በቀዝቃዛው ሙቀት ሲኖር ስድስት ጭራ ያለው ሊፒድ ኤ ይሠራል። ወደ አይጥ ወይም ወደ ሰው ገብቶ 37 ዲግሪ ሲሞቀው ግን አራት ጭራ ወዳለው ይለውጠዋል። አራት ጭራ ያለውን ቲኤልአር 4 በቅጡ አያውቀውም። ሌባው ጫማውን አውልቆ ገባ እንደማለት ነው።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2006 ባክቴሪያውን በጂን ምህንድስና ለውጠው በ37 ዲግሪም ስድስት ጭራ እንዲሠራ አስገደዱት። ያ አስፈሪ ገዳይ፣ ቲኤልአር 4 ባላቸው አይጦች ላይ አቅም አጣ። ቲኤልአር 4 በጎደላቸው አይጦች ላይ ግን ገዳይነቱ አልቀነሰም። በአንድ ተቀባይ መንቃትና አለመንቃት መካከል ያለው ርቀት የሕይወትና የሞት ያህል ነው ማለት ነው።

አይጥ ሰው አይደለችም

ይሁንና አይጧ ያስተማረችንን ሁሉ እንዳለ ወደ ሰው ማዛወር አይገባም። አይጥን ለመግደል በኪሎ ግራም ሚሊ ግራሞች ኤልፒኤስ ያስፈልጋል፤ ሰውን ለማሳመም ግን ከላይ እንዳልኩት ጥቂት ናኖ ግራሞች ይበቃሉ። የሰውና የአይጥ ኪሶችም አንዳንድ የሊፒድ ኤ ዓይነቶችን በተለያየ መንገድ ያነባሉ።

በአይጧ ውስጥ እንኳ ታሪኩ በቲኤልአር 4 አያበቃም። በ2013 ሁለት የምርምር ቡድኖች ኤልፒኤስ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ከገባ ካስፔዝ 11 በሚባል ሌላ ፕሮቲን እንደሚታወቅ አሳዩ። ቲኤልአር 4 የሌላቸው አይጦች በሌላ ማነቃቂያ አስቀድመው ከተዘጋጁ፣ ብዙ ኤልፒኤስ ሲወጉ ይሞታሉ። በር ላይ ያለው ዘበኛ ቢተኛ፣ እልፍኝ ውስጥ ሌላ ዘበኛ አለ። የሄጄን አይጥ ለምርምር የሚጠቀሙ ሰዎች የሚጠነቀቁበት ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ዘር በሌላ ጂን ጉድለት የተነሳ ዓይነ ስውር ነው። ስለዚህ በማየት ላይ የተመሠረተ ሙከራ ላይ ያሳየችውን ሁሉ በቲኤልአር 4 ማሳበብ አይቻልም።

ኡኡታውን ዝም ማሰኘት ይቻላል?

ጂኑ ሲታወቅ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ፤ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ከተሠራ ሴፕሲስ ይድናል ተባለ። ኤሪቶራን የተባለው መድኃኒት የኤምዲ2ን ኪስ የሚሞላ፣ ግን ተቀባዩን የማይቀሰቅስ አስመሳይ ሊፒድ ኤ ነው። በአይጥ ላይ ሠራ። በ2013 ውጤቱ በታተመው ትልቅ ጥናት 1,961 ከባድ ሴፕሲስ የያዛቸው ሕሙማን ተካፈሉ። በ28 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 28.1 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 26.9 በመቶ ሞቱ። ማለትም አልጠቀመም።

ለምን? እኔ እንደሚገባኝ አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። አይጧ መድኃኒቱን የምታገኘው ከመርዙ በፊት ወይም ወዲያው ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል የሚደርሰው ግን ኡኡታው ከተሰማ፣ መንደሩም ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ኡኡ ባዩን አፉን ማፈን ሕዝቡን ወደ ቤቱ አይመልስም። ከዚህም በላይ ሌባው አሁንም ቤት ውስጥ ነው።

ይህን የሚያጎላ አንድ ጥናት የተካሄደው በአገራችን፣ በአዲስ አበባ ነው። በቅማል የሚተላለፈው፣ እየተመላለሰ የሚያገረሸው ትኩሳት በኢትዮጵያ የቆየ የድህነት በሽታ ነው። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይም ታይቷል። በሽታውን ፔኒሲሊን ይፈውሰዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብዙዎቹን ሕሙማን ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ይይዛቸዋል፤ የሚሞትም አለ። ፔኒሲሊኑ ባክቴሪያዎቹን በአንዴ ሲያፈርሳቸው ቅባታማ ፕሮቲኖቻቸው ደሙን ያጥለቀልቁታል። ይህ ባክቴሪያ ኤልፒኤስ ስለሌለው ቅባታማ ፕሮቲኖቹን የሚለየው በቲኤልአር 4 ፈንታ ወንድሙ ቲኤልአር 2 ነው፤ የሚሰማው ኡኡታ ግን ያው ቲኤንኤፍ ነው።

በ1996 በታተመው በዚህ ጥናት 20 ሕሙማን ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያመክን ፀረ አካል ተሰጣቸው፤ 29ኙ አልተሰጣቸውም። መንቀጥቀጡ ካላገኙት ከ29ኙ 26ቱን ሲይዝ፣ ካገኙት ከ20ዎቹ የያዘው 10ሩን ነው። እዚህ የተሳካው ለምን ይመስላችኋል? እንደ እኔ አስተያየት ፀረ አካሉ አስቀድሞ በመሰጠቱ፣ ሌባውንም ፔኒሲሊኑ ስለያዘው ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህ የሩቅ ሳይንስ ብቻ አይደለም። ዛሬ የአንጓ ብግነት ወይም ክሮን የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቲኤንኤፍን የሚያመክኑ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ከእነዚህ ናቸው። ሴፕሲስን ያላዳነው ሐሳብ ለእነዚህ ሕመሞች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ነገር ግን የሄጄ አይጥ ትምህርት እዚህም ይሠራል። ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ ተኝቶ ያለን የቲቢ ተህዋስ አጥሮ የሚይዝ ዘበኛ ነው፤ የቲኤንኤፍ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በቲቢ በፍጥነት ይሞታሉ። በ2001 የታተመ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተኛ ቲቢ መነሳቱን ካሳየ ወዲህ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ቲቢ በበዛበት አገር ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝልን፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም የት እንዳደግን መናገርና ስለ ምርመራው መጠየቅ አለብን።

በሌላ በኩል ኡኡታውን በልክ ማሰማትም ይቻላል። ከሳልሞኔላ ሊፒድ ኤ ተወስዶ መርዝነቱ የተቀነሰ ኤምፒኤል የሚባል ቅመም ቲኤልአር 4ን በቀስታ ይቀሰቅሳል። በማህጸን ጫፍ ካንሰር መከላከያው ሰርቫሪክስ፣ በአልማዝ ባለጭራ መከላከያው ሺንግሪክስ፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለአፍሪካ ሕፃናት በመከረው አርቲኤስኤስ በተባለው የወባ ክትባት ውስጥ ይገኛል። ክትባት በተወጋን ማግስት ክንዳችን ሲያብጥና ገላችን ሲሞቅ፣ ዘበኞቻችን መንቃታቸውን ማሰብ ጥሩ ነው።

በመጨረሻም አንድ ምክር ልጨምር። ትኩሳት ራሱ ጠላት አይደለም፤ የዘበኛ ድምፅ ነው። ነገር ግን ትኩሳት ያለው ሰው ግራ ከተጋባ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ቆዳው ከቀዘቀዘና ከገረጣ፣ መንደሩ ከቁጥጥር ውጭ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ሳይሆን በአስቸኳይ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። እስከ ዛሬ ድረስ ሴፕሲስን ለማዳን ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ባክቴሪያውን በአንቲባዮቲክ ቶሎ መያዝና ገላውን ደግፎ ማቆየት ነው። ኡኡ ባዩን ዝም ከማሰኘት በፊት ሌባውን መያዝ እንደሚቀድም ያልታመመችው አይጥ በሕይወቷ ከፍላ አስተምራናለች።